ኤሌክትሪኩ፣ ዳማ እና የሙሽራዋ ካባ

የአባቴ እቁብ ወጣ!

ባለፈው እሁድ ነው። የሀበሻ ሱቆች ባሉበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ፣ እነ አባዬ እቁብ የሚጥሉበት ምግብ ቤት ውስጥ ዕጣው ከኮፍያ ሲወጣ የአባዬ ስም ሆነ። ደውሎ "ሶሲ፣ ደረሰን!" ሲለኝ ቫን ናይስ ያለው አፓርታማችን ሶፋ ላይ ቆሜ ዘለልኩ። የታችኛው ጎረቤታችን ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት እስኪያንኳኳ ድረስ ዘለልኩ።

ይህን ያህል ያስደሰተኝ ገንዘቡ አይደለም። እውነቱን ልናገር፤ ስምንት ወር ሙሉ በቅናት ድብን ብያለሁ። የልብ ጓደኛዬ የሜላት አባት፣ ፌርፋክስ ላይ የቅመማ ቅመም ሱቅ ያለው ጋሼ ዮናስ፣ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። ጣሪያው መስታወት ነው። ወንበሩ ሲፈልጉ ይሞቃል፣ ሲፈልጉ ይቀዘቅዛል። የበሩ እጀታ ተደብቆ ይቆይና ሰው ሲጠጋው ብቅ ይላል፣ እንደ ሎሌ። እኛ ያለን ዳማ ነው። ዳማ አባዬ ለመኪናው ያወጣለት ስም ነው፤ ቀለሙ እንደ ዳማ ፈረስ ስለሆነ። ከእኔ በሦስት ዓመት ይበልጣል። ኤሲው ከሞተ ቆይቷል፤ የኋላ ቀኝ መስኮቱ ደግሞ በእጅ ካልተደገፈ አይዘጋም። አባዬ በዚሁ ዳማ ከጠዋት እስከ ማታ ሰው ወደ ኤርፖርት ያመላልሳል።

እናማ እቁቡ ሲወጣ "አሁን እኛም ኤሌክትሪክ!" አልኩ።

አባዬ ግን ሳቀ። "የእቁብ ገንዘብ በስንት ጊዜ አንዴ ነው እጅ የሚገባው። ያ መኪና ደግሞ ውድ ነው። ቅዳሜ ለእናትሽ የአክስት ልጅ ሰርግ ቬጋስ እንሄዳለን፤ ዮናስ በሱ፣ እኛ በዳማ። አንቺ ጽሑፍሽ የሀበሻ ጋዜጣችን ላይ ከወጣ ወዲህ ደብተር ከእጅሽ አይለይም። እስቲ የሁለቱንም መኪና ጉዞ ጻፊልኝ። እሁድ ታነቢልኝና እወስናለሁ።"

አያችሁ? ፍርዱ በእኔ እስክሪብቶ ላይ ወደቀ። በዚያው ቀን አዲስ ደብተር ገዛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት 5:10፣ ቫን ናይስ

(ሰዓቱ በአሜሪካ አቆጣጠር ነው። አባዬ በሀበሻ ነው የሚቆጥረው፤ እኔ እንዳልምታታ በዚሁ እቀጥላለሁ።)

ገና አልነጋም። ዳማ ከአፓርታማው ጀርባ፣ ከልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ግድግዳ ጥግ፣ ሁልጊዜ በሚቆምበት ቦታ ቆሟል። አባዬ ኮፈኑን ከፍቶ ውሃና ዘይት አየ። ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ። እማዬ ወጥ ለማገዝ ከሐሙስ ጀምራ ቬጋስ ስለሆነች የፊተኛው ወንበር የእኔ ነው። ሞተሩ በሁለተኛው ቁልፍ ተነሳ፤ አባዬ ዳሽቦርዱን እንደ ፈረስ አንገት ቸብ ቸብ አደረገውና ወጣን።

በዚህ ሰዓት ፍሪዌዩ ባዶ ነው ያለው ማነው? ኮረብታውን እስክንሻገር ፊት ለፊታችን ቀይ መብራት ብቻ ነበር።

5:50፣ ፌርፋክስ

ፌርፋክስን እንዲህ ባዶ ሆና አይቻት አላውቅም። በቀን ፓርኪንግ ፍለጋ ሰው ሦስት ጊዜ የሚዞርባት መንገድ አሁን ከዳር እስከ ዳር ክፍት ናት፤ የሱቆቹ መዝጊያዎች ወርደዋል፣ የጋሼ ዮናስ መብራት ብቻ በርቷል። ኤሌክትሪኩ በሩ ላይ ቆሞ ያበራል። ነጭ ነው፤ አንድ የአቧራ ቅንጣት የለበትም።

እንጀራው በካርቶን፣ ድፎ ዳቦው በፎጣ ተጠቅልሎ እኛ ጋ ተጫነ። ከዚያ ጋሼ ዮናስ በነጭ አንሶላ የተሸፈነ ነገር እንደ ሕፃን ልጅ አቅፎ ወጣ። የሙሽራዋ ካባ ነው፤ ጥቁር ከፋይ፣ ዳር ዳሩ በወርቅ ክር የተጠለፈ። ልብስ ሰፊዋ ጨርሳ ያስረከበችው አርብ ማታ ነው። ሙሽራዋ ከቀኑ 1:00 ላይ ለብሳው ከቤት ትወጣለች።

"ካባው በናንተ ይሂድ" አለ አባዬ። "እናንተ ኤሲ አላችሁ።"

ዳቦው ለእኛ፣ ካባው ለእነሱ። ለካባ እንኳን ቀናሁ።

ሜላት ጫማዋን አውልቃ እግሯን ወንበሩ ላይ ሰብስባለች። "ሶሲ፣ ነይ ከኛ ጋር!"

አባዬ ቀደመኝ። "ባለ ደብተሯ ስንሄድ ከእኔ ጋር ናት። ስንመለስ ትቀያየራላችሁ።"

"ደረጀ!" አለ ጋሼ ዮናስ፣ መሪውን በሁለት ጣት ይዞ። "ምሳ በልቼ እጠብቅሃለሁ!"

"ባትሪህን ቀድመህ እንዳትበላው!"

ሁለቱም ሳቁ። እኔ ግን በመስኮቱ አጮልቄ ስክሪኑን አየሁ፤ ባትሪው ስልሳ አንድ በመቶ ይላል። በኋላ ሜላት ነገረችኝ። አርብ ሱቅ የመጣው ሁሉ "እስቲ አንዴ ልንዳው" ሲል ጋሼ ዮናስ ማንንም እንቢ አላለም። ደንበኛውም፣ የደንበኛው አማችም ፌርፋክስን ሲዞሩበት አመሹ። ቤት ሲገባ ደክሞት ሳይሰካው ተኛ።

7:30፣ ዳገቱ ሥር

ቤንዚን ልንሞላ ቆምን። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ቆጣሪው ሲሮጥ የአባዬን ፊት አየሁት፤ ጥርስ እንደሚነቀልለት ሰው ነው። በየሁለት ቀኑ እንዲህ ይሆናል። ይሄን ጻፍኩ። አሰመርኩበትም።

ዳገቱ ላይ የጭነት መኪኖች በቀኝ በኩል እያቃሰቱ ይወጣሉ። ዳማም አብሯቸው ያቃስታል። ከጎናችን ማለቂያ የሌለው የዕቃ ባቡር ተራራውን እንደ እባብ ተጠምጥሞበታል። ድንገት አንድ ነጭ ነገር በግራ በኩል ሽው አለ፤ ድምፅ የለውም። ጋሼ ዮናስ ነው። ሜላት በመስታወቱ እጇን አውለበለበች። እኔም ጥርሴን አሳየኋት። ውስጤ ግን ጨሰ።

ስልኬ ጮኸ። "ወንበሩ በጣም ስለቀዘቀዘብኝ ሙቀት ጨመርኩበት" ብላ ጽፋለች።

እኔ ፎጣ ላይ ነው የተቀመጥኩት።

8:45፣ ባርስቶ

በረሃው መግቢያ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ሁሉም ቆሞ ሀምበርገር ይበላባታል። ቻርጅ ማድረጊያው ከሀምበርገር ቤቱ ጀርባ ነው። ስምንት መሰኪያ አለ። ስምንቱም ተይዘዋል፣ አራት መኪና ተሰልፏል። አራተኛው ጋሼ ዮናስ ነው። ዳገቱን እንደዚያ በፍጥነት ሲወጣ ባትሪው አልቆ በዘጠኝ በመቶ ነው የደረሰው።

ጠበቅን። ፀሐዩ ከረረ። ሦስቱ ገቡ። በመጨረሻ አንድ ቦታ ተለቀቀ፣ ተራው የጋሼ ዮናስ ሆነ። ይሄኔ ከኋላው የቆመችውን ሰማያዊ መኪና በመስታወቱ አያት። መስቀል ተንጠልጥሎባታል። መሪው ላይ ነጭ ነጠላ ያጣፉ ትልቅ ሴት ተቀምጠዋል።

ጋሼ ዮናስ ወረደ። ሄዶ ሰገደላቸው ማለት ይቀላል።

"እናቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ።"

"ኧረ በስመ አብ! ቀድመህ የመጣኸው አንተ ነህ። ግባ ልጄ።"

"እርስዎን በፀሐይ አቁሜ? አይደረግም።"

"በሞቴ ግባ።"

"እኔ ልሙት፣ እርስዎ ይግቡ።"

"እምቢ ካልክማ እኔም ከዚህ አልነቃነቅም!"

አባዬ ዳማን ተደግፎ ያያቸው ነበር። "ሁለታችሁም ሞታችሁ ማን ቻርጅ ሊያደርግ ነው?" አለ።

እነሱ ሲለማመኑ አንድ ኮፍያ የለበሰ ልጅ እግር በትንሽ ግራጫ መኪና መጥቶ ክፍቱ ቦታ ላይ ፓርክ አደረገ። ሰካ። ሁለቱም የተውለት መስሎት አውራ ጣቱን አሳያቸውና ሀምበርገር ሊበላ ገባ።

ሃያ አምስት ደቂቃ ሌላ ጥበቃ። ከዚያ ሁለተኛ ቦታ ተለቀቀ። ብታምኑም ባታምኑም፣ ጋሼ ዮናስ በሩን ከፍቶ እንደገና ሊወርድ ሲል አባዬ ክላክስ ነፋ። "ዮናስ! ማዕድ አይደለም እኮ! ግባ!"

ገባ። እሳቸውም ቀጥሎ የተለቀቀውን ያዙ። ሰካክተው ከዳማ ጥላ ሥር መጥተው ተቀመጡና የተቆራረጠ ሐብሐብ ከዕቃ አውጥተው አቀረቡልን። እትዬ አስካለ ይባላሉ። እሳቸውም እንደ አባዬ ሰው ያመላልሳሉ። ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ ነጠላ የለበሱት እናት እንኳ ኤሌክትሪክ አላቸው! ቅናቴ ዕድሜ አይመርጥም።

"እትዬ፣ ዋጋው ያዋጣል ግን?" አልኳቸው ደብተሬን ከፍቼ።

"ለማን?"

"ለእኛ።"

"አባትሽ ብዙ ይነዳል?"

"ቀኑን ሙሉ። ኤርፖርት።"

"ታዲያ ያዋጣዋላ! እኔ ቤንዚን ማደያ የምገባው ፊኛዬ ሲሞላ ብቻ ነው። ማታ የት ይሰካዋል?"

ደብተሬን አገላበጥኩ።

"እ?"

"አፓርታማ ነን፣ እትዬ።"

እትዬ አስካለ ሐብሐባቸውን በቀስታ አኘኩ። "እንግዲያ ልጄ፣ መጠየቅ ያለብሽ ስለ መኪናው ሳይሆን ስለ ግድግዳው ነው። እኔ የማድረው ተራ ሶኬት ላይ ሰክቼ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው፣ ግን ለግማሽ ቀን ሥራ ይበቃኛል። ቤቴ ባይሰካ ኖሮ፣ ሥራዬን ትቼ ሁሌ እንዲህ ሜዳ ላይ ተሰልፌ ስሰግድ ነበር የምውለው።" ወደ ጋሼ ዮናስ እያዩ ሳቁ። "ደግሞ አዲስ አልገዛሁም። ሌላ ሰው ሦስት ዓመት የነዳውን ነው። ውድነቱን የመጀመሪያው ሰውዬ ከፈለልኝ። እግዜር ይስጠው።"

ደብተሬ ላይ ስለ ባርስቶ ጻፍኩ። ምን እንደጻፍኩ ስደርስበት እናገራለሁ።

10:15፣ አሁንም ባርስቶ

እማዬ ደወለች። ስፒከር ላይ ነበረች፣ ሁላችንም ሰማናት። "ካባው የት ደረሰ?"

አባዬ ጋሼ ዮናስን አየው። ጋሼ ዮናስ ስክሪኑን አየ። ገና አርባ ደቂቃ ይቀረዋል።

"ካባው... ባርስቶ" አለ አባዬ።

ከዚያ በኋላ እማዬ የተናገረችውን ጋዜጣ አያወጣውም።

ካባው ወረደ። ከነአንሶላው ወደ ዳማ ተዛወረ። ሜላት ቀዝቃዛ ወንበሯን ትታ ጫማዋን በእጇ ይዛ እየሮጠች መጣች። "እኔ ልያዘው፣ ብቻሽን አትችይም።" ከኋላ ጎን ለጎን ተቀመጥንና ካባውን በአራት ጉልበት ላይ ዘረጋነው። እትዬ አስካለ በመስኮቱ "ድረሱ፣ በርቱ" ብለው ባረኩን።

11:40፣ በረሃው ዳገት ላይ

ውጪው እሳት ነው። ደረቅ ሐይቅ፣ ድንጋይ፣ ቁጥቋጦ፣ ደግሞ ድንጋይ። መስኮቱ የሚያስገባው ንፋስ የፀጉር ማድረቂያ ነው።

ዳገቱ ሲጀምር የሙቀት ቀስቷ ወደ ቀይ ተጠጋች። አባዬ ከኋላ እንዳንሰማ ድምፁን ቀንሶ ዳማን "አይዞህ" አለው። ከዚያ እጁን ሰዶ ሂተር ከፈተ።

"ጋሼ ደረጀ! ሂተር?!" ጮኸች ሜላት።

"የሞተሩን ሙቀት ወደኛ ነው የምንስበው። እሱን ካላገዝነው ይቆማል።"

ሃያ ደቂቃ ሙሉ በረሃ ላይ ሂተር ከፍተን ተጓዝን። ላባችን ካባው ላይ እንዳይንጠባጠብ አገጫችንን ወደ ጣሪያ ቀና አድርገን፣ ካባውን ደግሞ በመዳፋችን ወደ ላይ አንስተን ያዝነው። አባዬ በመስታወቱ አየንና "ጽላት የተሸከማችሁ ትመስላላችሁ" አለ። ሜላት ሳቋ ሲመጣ መያዝ አቃታት። ሁለታችንም እየሳቅን አለቀስን። ቀስቷ ግን ወረደች። ቁልቁለቱ መጣ፣ አባዬ ሂተሩን ዘጋው፣ ያ ትኩስ ንፋስ እንኳን እንደ ጠበል ቀዘቀዘን።

12:40፣ ላስ ቬጋስ

እማዬ በር ላይ ነበረች። ካባውን ተቀበለችን፣ ገልጣ አየችው፣ ጠብታ የለበትም። ከዚያ እኛን አየችን። "ምነው፣ ዋኝታችሁ ነው የመጣችሁት?"

1:00 ላይ ሙሽራዋ ካባዋን ለብሳ ወጣች። ከፀሐዩ ጋር ወርቁ ሲያበራ እልልታው ሰፈሩን አናጋው። ጋሼ ዮናስ ያንን እልልታ በስልክ ነው የሰማው። 1:30 ላይ ክራቫቱን በእጁ ይዞ ደረሰ።

አባዬ ሳህን ይዞ ቆሞ ጠበቀው። "ዮናሴ፣ ምሳ በልተህ ነው የጠበቅከኝ?"

እሁድ ጠዋት፣ ሆቴሉ ፓርኪንግ

ሁለቱ መኪኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። አባዬ የዳማ ኮፈን ላይ ተደግፎ "በይ አንብቢ" አለኝ። ጋሼ ዮናስና ሜላትም መጡ።

አነበብኩ። የቤንዚኑን ነገር አነበብኩ። ሂተሩን ሳነብ ድምፄን አሳመርኩ፤ ቀስቷ፣ ላቡ፣ ሁሉም። ሦስት ገጽ ነው። ሜላት አጨበጨበች።

"ባርስቶስ?" አለ አባዬ።

ደብተሬ ላይ ስለ ባርስቶ የተጻፈው ይሄ ነበር፤ "ትንሽ ጠበቅን።"

"ትንሽ ስንት ነው?"

ደብተሬን ዘጋሁ። ሰዓቱን አውቀዋለሁ። ስልኬ ላይ መዝግቤዋለሁ። የእትዬ አስካለን ነገርም ሆን ብዬ ዘልዬዋለሁ፤ ስለ ግድግዳው ያሉትን ከሰማ እንደማይገዛ ስለገባኝ።

"ሶሲዬ" አለ አባዬ፣ ሳይቆጣ። "ለዳማ ድካም ሦስት ገጽ፣ ለኤሌክትሪኩ ድካም ሁለት ቃል?"

እቁቡን አሰብኩት። ያንን ገንዘብ ለመጣል በየወሩ ተጨማሪ ስንት ጠዋት እንደተነሳ አሰብኩ። ሳልወድ አፌ ተከፈተ። "ከ8:45 ጀምሮ እኛ ጥለን እስክንሄድ አንድ ሰዓት ተኩል። ጋሼ ዮናስ ደግሞ ከዚያ በኋላ ሌላ አርባ ደቂቃ። ከዚያ ውስጥ የሃያ አምስቱ ደቂቃ ጥፋት ግን የመኪናው አይደለም፣ የ'እርስዎ ይቅደሙ' ነው። እትዬ አስካለም እንዲህ አሉ..." ሁሉንም ነገርኩት።

ጋሼ ዮናስ ይቀየመኛል ብዬ ፈራሁ። እሱ ግን አናቱን አከከና "እውነቷን ነው" አለ። "ደረጀ፣ እኔ ጋራዥ ያለኝ ሰው ነኝ። ቤቴ ስሰካው ወርቅ ነው። ጋራዥ ባይኖረኝ አልገዛውም ነበር። ዋጋውማ፣ አዲስነቱን አፍቅሬ ነው የከፈልኩት። ላንተ አልዋሽም።"

አባዬ ዳማን ቸብ ቸብ አደረገ። "ፈረስ ከመግዛት በፊት ገለባው የት እንዳለ ማወቅ ነው" አለ። "አዲስ አልገዛም። የቤት አከራዩን ሶኬት እጠይቀዋለሁ። ከፈቀደ እንደ ሴትዮዋ ያገለገለ እፈልጋለሁ። እስከዚያ ገንዘቡ ይቀመጥ።"

አላለቀስኩም። ትንሽ ብቻ።

እሁድ፣ መልስ ጉዞ

ቃል በተገባልኝ መሠረት ኤሌክትሪኩ ውስጥ ገባሁ። አልዋሽም፣ ደመና ነው። ዳገቱ አይሰማም፣ በመስታወቱ ጣሪያ ሰማዩ ጉልበቴ ላይ ወረደ። ባርስቶ አራት ቦታ ክፍት ነበር፤ ሃያ አምስት ደቂቃ ብቻ ቆይተን ወጣን። ይሄንንም በሐቅ ጻፍኩ።

ግን ከኋላችን ዳማ ይታየኛል። እማዬ ቤቱን ለማጽዳት ቬጋስ ቀርታለች። ሜላት የፊተኛው ወንበር ላይ፣ የእኔ ቦታ ላይ፣ ተቀምጣ ከአባዬ ጋር አፏን ከፍታ ትስቃለች። ምን እያላት ይሆን? እዚህ ቀዝቃዛ ወንበር ላይ ተቀምጬ በአባቴ ቀናሁ። እኔን ምን ይሻለኛል?

4:20 ከሰዓት፣ ቫን ናይስ

ዳማ ቦታው ላይ ቆመ። አባዬ ሻንጣ ሲያወርድ እኔ የስልክ ቻርጀሬን ይዤ ግድግዳውን መዞር ጀመርኩ። ዘጠኝ ዓመት የኖርንበት ግድግዳ ነው፤ አንድ ቀን አይቼው አላውቅም። የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ጥግ፣ በዳማ የኋላ ጎማ ልክ፣ ቀለም የተቀባበት ትንሽ ክዳን አገኘሁ። በጥፍሬ ፈልቅቄ ከፈትኩት። ሶኬት! ሰካሁ። ስልኬ በራ።

"አባዬ!"

መጥቶ ተንበርክኮ አየው። አቧራውን በጣቱ ጠረገ። "ማስፈቀድ አለብን" አለ። "ምናልባት እምቢ ይላል።" ግን ፈገግታውን መደበቅ አቃተው፤ ቤንዚን ሲሞላ ከማየው ፊት ሌላ ፊት ነበር። አከራዩን ነገ ጠዋት ይጠይቀዋል። እኔ ደብተሬን ይዤ አጠገቡ እቆማለሁ።

ለእናንተ ደግሞ መልእክት አለኝ። ጋሼ ዮናስ ይሄን እንድጽፍ ራሱ አዞኛል። እንደኛ ልግዛ አልግዛ እያለ የሚያመነታ ሁሉ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሱቆች ሳይከፈቱ ፌርፋክስ ይምጣ። ኤሌክትሪኩ የሱቁ በር ላይ ይቆማል፣ በነፃ ትነዱታላችሁ። ዳማም አለ፤ ሂተሩን መሞከር ለሚፈልግ። ከመምጣታችሁ በፊት የስልክ ቻርጀራችሁን ይዛችሁ የራሳችሁን ፓርኪንግ ግድግዳ ዙሩ። አንድ ሕግ ብቻ አለ። ተራው ደርሶ "እርስዎ ይቅደሙ" የሚል ሰው መጨረሻ ነው የሚነዳው።